የአልቃሿ ቢጫ ጥርስ

እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ውባለም ናት። አንዳንዴ እሷ እንደምትቀድማቸው ቄሱ ራሳቸው አይክዱም። ውባለም አልቃሽ ናት። አልቃሽ ስላችሁ ታዲያ ቀለብ ተሰፍሮላት የምትጮኽ እንዳትመስላችሁ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ደቦ እየጠራች ገብሷንና ባቄላዋን የምታሳርስ፣ ሴት ልጇን ስማዳ የዳረች፣ ከማንም ደጅ ያልቆመች ሴት ናት። ለቅሶ የምትሄደው እንደማንኛውም ጎረቤት ነው። ልዩነቱ፣ እሷ አፏን እስክትከፍት ድረስ ሰዉ የሟቹን መሞት ከልቡ አያምንም።

የራሷ አሠራር አላት። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዘው ብላ ወደ ሜዳው አትገባም። በጓሮ ዞራ ከቤተሰቡ አንዱን ትይዝና ትጠይቃለች። በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ? ሲያርስ ያንጎራጉር ነበር ወይስ ዝም ይል ነበር? ሟች ያልነበረውን ደግነት ከእሷ አያገኝም። ቆንቋናውን ሰው በሙሾዋ ቆንቋና አትለውም፤ ለጋስም አትለውም። ጎተራው እስከ ነሐሴ የማይጎድል ብላ ታልፈዋለች፤ የገባው ይገባዋል። እንዲህ ያለ ሙሾ ታዲያ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ሴቶቹ ተቀብለው የሚያለቅሱት ቃሉን ይዘው ነው፤ ቃሉ ካልተሰማ ረገዳው እግር ማንሳትና መጣል ብቻ ይሆናል።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ቡሬ የምትባለውን ላሟን ስታልብ ዝንብ ላሟን ነደፋት። ቡሬ ራሷን ወርወር ስታደርግ ቀንዷ የውባለምን አፍ አገኘው። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ እዚያው በረት ውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ በሳምንቱ ወለቁ። ገና አርባ ዓመት አልሞላትም ነበር። ዘመዶቿ ላሟን ሽጪያት ቢሏት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «እሷ ዝንቡን እንጂ መቼ እኔን አለች?» ነው መልሷ።

ችግሩ የታወቃት በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ነው። አፏን ስትከፍት ቃሉ በክፍተቱ እየሾለከ ነፋስ ብቻ ሆነ። የሟቹን ስም ጠራች፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ በደግነት የመሰላትን ቃል ይዛ ተቀበለች፤ ሌላዋ ሌላ ቃል ይዛ ተቀበለች። ውባለም ያን ቀን ከለቅሶ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የሄደች። በሟቹ አዘነች፤ እውነቱን ለመናገር ግን በራሷ ይበልጥ አዘነች፤ ይህንንም አልደበቀችም።

መካነ ኢየሱስ የሚያስተምር ይሁኔ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። እህቱ እንዲያ አፏን ሸፍና ስትናገር ማየት አንጀቱን በላው። ጎንደር ጥርስ የሚሠራ ሰው እንዳለ አጠያየቀና መጣላት።

«እታለም፣ ተነሽ። የወለቀ ጥርስ ይተካል አሉ» አላት።

ያን ጊዜ ከአውራጃ አውራጃ መሄድ እንዲሁ ተነስቶ የሚኬድ አይደለም፤ የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ይለፍ መጻፍ አለበት። ሊቀ መንበሩ የጉዞው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ይዞ ቆየና «ጥርስ ለማስገባት» ብሎ ጻፈ። ኬላው ላይ ወረቀቱን ያነበበው ወታደር ከት ብሎ ሳቀ። ውባለም ሳትናደድ አፏን ከፍታ አሳየችው፤ ወታደሩም አፍሮ ወረቀቱን መለሰላት።

ጎንደር የተሠራላት ከሮዝ ድድ ጋር የተያያዘ አራት ነጫጭ ጥርስ ነው። ማታ ማታ ወልቆ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ታጥቦ ይገባል። ጥርሱስ ጥሩ ነበር። ሮዙ ድድ ግን ከነገሩ ሁሉ ከነከናት። የእሷ ድድ በልጅነቷ የተነቀሰ፣ ጠቆር ያለ ነው። ከጎረቤቷ ልጅ ከአመለወርቅ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ነቃሽ እጅ ተነቅሰው፣ ሁለቱም ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ያለቀሱበት ንቅሳት ነው። አሁን በመስታወት ስታየው ንቅሳቱ የለም። «የፈረንጅ አፍ ሰጡኝ» አለች ለይሁኔ። ቢሆንም ስትናገር ቃሉ ይሰማል፤ እሱ ይበቃል ብላ ተቀበለችው።

ይህች አመለወርቅ ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። ከንቅሳቱ ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም። አመለወርቅ ካሣሁንን ወልዳ በወባ ስትወድቅ፣ ያን ጊዜ ሴት ልጇን ታጠባ የነበረችው ውባለም ሕፃኑን ወስዳ ሁለት ወር ጡቷን አጥብታዋለች። ጥርሱ በገባ በሦስተኛው ወር የአመለወርቅ አባት አቶ ደሞዝ አረፉ። ውባለም በጓሮ ዞራ መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሰውየውን እንደ አባቷ ታውቃቸዋለች።

ሜዳው ላይ የሽማግሌው ካባ ተነጥፎ፣ ምንሽራቸው ከላዩ ተጋድሟል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ውባለም ወደ መካከል ገባች፤

«በሬውን ሲያውስ ለድሀ ጎረቤት፣
የሱ ማሳ ቀርቶ ጦም አደረ ክረምት።»

ቃሉ ወፍ እስኪያዳምጥ ጥርት ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ወንዶቹም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ውባለም ዓመት ሙሉ የታፈነው ነገር ሁሉ ተፈታላትና ደረቷን ደቃች፣ ዘለለች፣ ራሷን ወደ ኋላ ወርውራ ወደ ፊት መለሰችው። ያን ጊዜ ጥርሱ ከነሮዝ ድዱ ወጣና በአቶ ደሞዝ ካባ ላይ፣ ከምንሽሩ አፈሙዝ አጠገብ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ከኋላ አንዷ ወጣት ሳቀች፤ ልትይዘው ብትሞክር አፈተለካት። እሷን ያየች ሌላዋ ሳቀች። ሳቅ በለቅሶ መሃል አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ጀርባቸውን አዞሩ። ውባለም ተንበርክካ ጥርሷን ከካባው ላይ ስታነሳ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቀና ስትል አመለወርቅ ፊት ለፊቷ ቆማለች።

«አባቴን መሳቂያ አደረግሽው» አለቻት።

ከዚያን ቀን በኋላ በቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ አመለወርቅ ፊቷን ታዞራለች፤ ወንዝ ሲወርዱ መንገድ ትቀይራለች። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ቢሄዱ «አባቴ አንድ ጊዜ ነው የሞተ፤ ሁለተኛ አላስለቅስለት» ብላ መለሰቻቸው። እውነት አላት። ውባለምም እውነት አላት ነበር የምትለው፤ ለዚህ ነው የከፋባት። ጥርሱን ለመብል ታስገባዋለች እንጂ ለቅሶ ላይ ከሴቶቹ ጀርባ ቆማ እንደ እንግዳ ሌላው ሲያወርድ ትቀበላለች። ዓለምጸሐይ የምትባል ድምፀ መልካም ወጣት በቦታዋ ተተካች። ዓለምጸሐይ ሟቹን ሁሉ አንበሳ ገዳይ ታደርገዋለች። ውባለም ከኋላ ሆና «ይኼ ሰውዬ እኮ ጅብ እንኳ አባሮ አያውቅ» እያለች በሆዷ ትናደዳለች።

እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። በሰባ ዘጠኝ ይሁኔ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ከሶቪየት አገር የመጣ ሐኪም ጎንደር ገብቷል፤ የሚሠራው ጥርስ ጨርሶ አይወልቅም ይላሉ። ውባለም መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ግን ያደረችው ስታስበው ነው፤ በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ለይለፍ የሄደችው እሷ ራሷ ናት።

ሐኪሙ ግዙፍ፣ ክንዱ ፀጉራም፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነው። አዲስዓለም የምትባል ነርስ ታስተረጉማለች። ውባለም የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንዳይወልቅ። ብዘል፣ ብወድቅ፣ ራሴን ብወረውር፣ እንዳይወልቅ።»

ነርሷ ይህን ስትተረጉም ሐኪሙ ፉጨቱን አቆመና ትክ ብሎ አያት። ምን የምትሠራ ሴት ናት ብሎ ጠየቀ። አዲስዓለም አስረዳችው፤ ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ገባ። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጤነኛ ጥርሶቿን ሞርዶ አሳነሳቸው። ልኩን ወሰደ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱን ብረት አልብሶ፣ በመካከላቸው አራት ጥርስ እንደ ድልድይ ዘርግቶ በማጣበቂያ አሰረው። ከዚያ በፊት ግን ነርሷ መጥታ ጠይቃት ነበር።

«እናቴ፣ ሁለት ዓይነት አለ። ነጩ እንደ ብር ነው፤ ቢጫው እንደ ወርቅ። ውስጡ ሁሉም ብረት ነው። የትኛውን ይፈልጋሉ?»

«የቱ ይጠነክራል?»

«አንድ ነው። ሰው ግን ቢጫውን ይወዳል።»

«እንግዲያው ቢጫውን» አለች ውባለም። ያን ጊዜ ያሰበችው ጥንካሬውን ብቻ ነው። ካሰረው በኋላ በጣቷ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አይልም። «አሁን ይወልቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ከመንጋጋዎ ጋር ካልሆነ አይወልቅም» አለች አዲስዓለም እየሳቀች።

ስትመለስ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ የገብስ ቆሎ ገዛች። አንድ ፍሬ በፊት ጥርሷ ይዛ ቀረጠፈች፤ ቀጥላ ሌላ፤ ቀጥላ እፍኝ ሙሉ። እንባዋ መጣ። አጠገቧ የተቀመጠ ገበሬ ቆሎው ድንጋይ አለው እንዴ ብሎ ጠየቃት። «የለውም፤ ደስ ብሎኝ ነው» አለችው፤ ሰውየውም ሌላ ወንበር ፈለገ። አብሯት የተጓዘው ይሁኔ መስታወት ሲሰጣት ደግሞ ከቢጫው ጥርስ በላይ ጥቁሩ ድዷ፣ ንቅሳቱ ሳይቀር፣ ተመልሶ ታያት። ቤቷ እስክትገባ አፏን አልሸፈነችም።

ስሕተቷ የገባት በመጀመሪያው ለቅሶ ነው። የአገሩ ወግ ይታወቃል፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ጌጡን ያወልቃል። ጉትቻ ቢሆን፣ ድሪ ቢሆን፣ የብር ቀለበት ቢሆን፣ ከማተብ በስተቀር የሚያበራ ነገር ገላ ላይ አይቀርም። ውባለም ራሷ አንዴ አንዲት ሙሽራ ለቅሶ ላይ ድሪ አጥልቃ ስትመጣ ሙሾዋን አቋርጣ ከአንገቷ አስወልቃታለች። እና ያን ቀን ደጃፏ ላይ ቆማ ጉትቻዋን ከግራ ጆሮዋ አወለቀች፤ ከቀኝ ጆሮዋ አወለቀች፤ ምላሷ ሳታስበው ጥርሷን ነካ። እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ወርቅ አይደለም ብረት ነው ብላ ለስንቱ ታስረዳለች? ለሩቅ አይን ወርቅ ነው። ጉትቻዋን መልሳ አደረገች፤ ታመምኩ አለችና ከቤት ቀረች።

ኅዳር ሰማንያ ላይ ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰ አንድ ወታደር የካሣሁንን መርዶ ይዞ መጣ። ካሣሁን በብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አመለወርቅ ካሣሁን ያለችው ከእሱ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ ስለሞተባት ነው፤ ከእሱ በኋላም አልወለደችም። መርዶውን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ፊቷን አልነጨችም። ወታደሩን «የት ቀበራችሁት?» አለችው። ወታደሩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ተናገሪ ቢሏት አትናገር፣ ብይ ቢሏት አትበላ፣ እንባም የለ። ሴቶቹ ፈሩ። እንዲህ ያለ ኀዘን ሰው ይዞ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል።

ውባለም ቤቷ ሆና ይህን ስትሰማ ጡቷ ሥር የሆነ ነገር ቆረጣት። ያ ልጅ ሲዘምት በጓሮዋ መጥቶ፣ እናቱ እንዳታይ፣ ጉልበቷን ስሞ ሄዷል። አሁን ዓለምጸሐይ አንበሳ ገዳይ ልታደርገው ነው። የለቅሶው ቀን እሑድ ተባለ። ዓርብ ዕለት ውባለም ነጠላዋን ደርባ ባለ እጁ ሞላ ዘንድ ሄደች።

«ይኼን አውልቅልኝ» ብላ አፏን ከፈተችለት።

ሞላ ጉጠቱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ። «እመይቴ፣ እኔ የምሠራው ማረሻ ነው» አላት።

«ብረት አይደለም? ብረት የአንተ ነው።»

ሞላ አመነታ፤ ሊስቅም ፈለገ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። «ይኼን ብስብ መንጋጋዎ ይመጣል። ለለቅሶውም ሳይደርሱ ለርስዎ ይለቀሳል» ብሎ ጉጠቱን አስቀመጠ።

ቅዳሜ ከቀፎ ሰም አወጣች፤ ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ፋቀች። ሁለቱን አሽታ ጥርሷ ላይ ለጠፈች። በመስታወት ስታየው ጥቁር ነው፤ ወርቅ አይታይም። እሑድ ጠዋት ወንዙን ተሻግራ ከሴቶቹ ጀርባ ቆመች።

ሜዳው ላይ ሬሳ የለም። የካሣሁን የትምህርት ቤት ሸሚዝና አንድ ፎቶግራፍ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። ዓለምጸሐይ ጀመረች፤ ድምፅዋ ያምራል፤ ጀግና አለችው፤ አንበሳ አለችው። ሴቶቹ አለቀሱ። አመለወርቅ ግን ሸሚዙን ትክ ብላ እያየች ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ካሣሁን እኮ ዶሮ ሲታረድ የሚሸሽ ልጅ ነበር። እናትየው የሚያለቅሱለትን ሰው አላወቀችውም።

ውባለም አልቻለችም። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ መካከል ገባች። ዓለምጸሐይ አየቻትና፣ ይባረክ ልቧ፣ ዝም ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ውባለም ስሙን ጠርታ ጀመረች። ሰሙ በትንፋሿ ሙቀት ላላና ምላሷ ላይ ተለጠፈ፤ ቃሉ ተልመጠመጠ። እንደገና ሞከረች። ባሰ።

አመለወርቅ ራሷን ቀና አደረገች። መርዶው ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ምን አለች?»

ማንም አልሰማም ነበር። ውባለም የጓደኛዋን ፊት አየች፤ የምትጠብቀውን አየች። ነጠላዋን ጣቷ ላይ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና ሰሙን እስከ መጨረሻው ፈገፈገችው። ስትጨርስ ፀሐዩ ቢጫው ጥርስ ላይ አረፈ። በክቡ ዙሪያ ጉርምርምታ ተነሳ።

«ወርቅ አድርጋ! በሰው ልጅ ሞት!» አለች አንዲት አሮጊት።

አመለወርቅ ተነሳች። አራት ዓመት ያላናገረቻት ሴት ፊት ሄዳ ቆመች።

«አመለ፣ አይወልቅልኝም» አለች ውባለም። «ባለ እጅ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። አይወልቅም።»

«ተይው» አለች አመለወርቅ። «ልጄን አልቀበርኩት። ያለበትን አላውቀው። የሱን ነገር የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ ጥርት አድርገሽ በይልኝ።»

ውባለም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤

«ካሣ ሁነኝ ስልህ ለሞተው ወንድምህ፣
አንተን የሚክሰኝ ማን ይሁን ከወዲህ?»

እያንዳንዱ ቃል ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ተሰማ። አመለወርቅ ሁለተኛውን ስንኝ ተቀብላ ልትለው ጀመረች። መሃሉ ላይ ስትደርስ «ልጄን» ብላ ውባለም አንገት ላይ ወደቀች፤ እንባዋም መጣ።